ከአፍንጫ ማስዋቢያ ቀዶ ሕክምና ምን እንጠብቅ?



ርዕሱን ስታዩ «መጋቢንና የአፍንጫ ቀዶ ሕክምናን ምን አገናኛቸው?» ሳትሉ አትቀሩም። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንደዚያው እንል ነበር።

አንድ ረቡዕ ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ አንዲት የመዘምራን አባል የሆነች ወጣት እኅት ወደ ቢሮ መጣች። በሩ አጠገብ እንደ ቆመች፣ «መጋቢ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ አፍንጫን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ኃጢአት ነው?» አለችን። የሽማግሌዎች ስብሰባ እየጠበቀን ነበር። መዝሙር 139ን አስታወስናትና «ልጄ፣ እግዚአብሔር አንቺን ሲሠራ አልተሳሳተም» አልናት። ጸለይንላት፤ አመስግና ሄደች። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኛም ጥሩ መልስ ሰጥተናል ብለን ወደ ስብሰባው ገባን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቁብ ሲደርሳት ወደ ኢስታንቡል ሄዳ አፍንጫዋን ተሠርታ ተመለሰች። ለማንም አልነገረችም። መጀመሪያ ከመዘምራን ልምምድ ቀረች፤ ቀጥሎም ከእሑድ አምልኮ ቀረች። እኛም በጸሎት ዝርዝራችን ላይ «በእምነታቸው ከቀዘቀዙት» መካከል ጻፍናት። ከስምንት ወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ግን የቀዘቀዘ ነገር አላየንባትም። የቀረችው እኛን ፈርታ ነበር።

«መጋቢ» አለችን፣ «ያን ቀን ‹ኃጢአት ነው ወይ› ብዬ ስጠይቅዎት፣ ‹ለምን ፈለግሽው?› ብለው ቢመልሱልኝ ኖሮ ሁሉንም እነግርዎት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ስናነብ፣ በጉባኤያችን ያሉ ሐኪሞችን ስንጠይቅ፣ ተሠርተው የመጡ ሌሎች ወገኖችን ስናዳምጥ ቆይተናል። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ያን ቀን ልንነግራት ይገባን የነበረውን ለሌሎች ለመንገር ነው። እኅታችንም ታሪኳን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። የሐኪምን ምክር የሚተካ እንዳልሆነ ግን አስቀድማችሁ እወቁልን።

ሁለቱ አጫጭር መልሶች

በቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንዱ «ኃጢአት ነው፤ የፈጣሪን ሥራ ማረም ነው» የሚል ነው። ሌላው «ምን ችግር አለው? ገንዘብሽ ነው፣ ሰውነትሽ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ ሁለቱም የጠየቀውን ሰው ከማዳመጥ ያሳርፉናል።

የመጀመሪያውን መልስ እንመርምር። መዝሙር 139 ዳዊት እስከ ማኅፀን ድረስ የሚያውቀውን አምላክ ያመለከበት መዝሙር ነው። በሆስፒታል ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ማንኛውንም የተፈጥሮ ነገር መንካት የፈጣሪን ሥራ መንቀፍ ቢሆን ኖሮ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደውን ሕፃን ማሰፋትም፣ መነጽር ማድረግም፣ ጥርስ ማሳሰርም ኃጢአት በሆነ ነበር። ኖማ የሚባለውን በሽታ አስቡ። በተለይ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ይይዝና የፊታቸውን ሥጋና አጥንት በአጭር ጊዜ ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በአገራችንም ከዚህ በሽታ ተርፈው ፊታቸው በቀዶ ሕክምና እንደገና የተሠራላቸው ወገኖች አሉ። ያን ሐኪም «የእግዚአብሔርን ሥራ አበላሸህ» የሚለው ማን ነው? የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በጥንቷ ህንድ የነበሩ ሐኪሞች የተቆረጠን አፍንጫ ከፊት ላይ በተወሰደ ቆዳ ይተኩ ነበር።

ጤነኛን አፍንጫ ለውበት ሲሉ ማሠራት ከዚህ ይለያል፤ እናውቃለን። ግን በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አናገኝም። የማይስማሙን አገልጋዮች አሉ፤ እናከብራቸዋለን። እኛ የምንለው ጉዳዩ የጥበብና የልብ ጉዳይ ነው ነው። ኃጢአት የሚገባው በሌላ በር ነው፤ የቤተሰብን ቀለብ ለዚህ በማዋል፣ በማይከፈል ዕዳ በመዘፈቅ፣ ወላጅን ወይም የትዳር ጓደኛን በማታለል፣ መልክን በአምላክ ቦታ በማስቀመጥ።

ሁለተኛው መልስም ፍቅር የለበትም። ጌታችን በሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው ተናግሯል፤ እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል። «ገንዘብሽ ነው» ማለት አብሮ ተቀምጦ አለማስላት ነው። እስቲ አሁን አብረን ተቀምጠን እናስላ።

ሐኪሙ የሚሠራው ምንድን ነው?

ሐኪሞች ሪኖፕላስቲ የሚሉት ይህ ሕክምና የአፍንጫን አጥንትና ካርቲሌጅ የሚባለውን ለስላሳ አጥንት ይቀርጻል፤ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ይሠራል፤ እንደ ሥራው ክብደት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሁለት መንገዶች አሉት። በአንዱ ቁርጡ ሁሉ ከአፍንጫ ውስጥ ይሆናል። በሌላው በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለችው ጠባብ ቆዳ ትቆረጥና ቆዳው ወደ ላይ ይገለጣል። ይህችኛዋ ትንሽ ጠባሳ ትተዋለች፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከጊዜ ጋር ትደበዝዛለች።

ሰፋ ያለና ድልድዩ ዝቅ ያለ አፍንጫ ላለው ሰው ሥራው መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መጨመርም ነው። የሚጨመረው ካርቲሌጅ ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን አጥንት ይወሰዳል። ቀዳዳዎቹ እንዲጠብቡ ከተፈለገ፣ የአፍንጫው ክንፍ ከጉንጭ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ ይቆረጣል። ቁስላቸው ሲድን እያበጠ የሚቀር፣ ኬሎይድ የሚባል ጠባሳ የሚያወጡ ወገኖች ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው መናገር አለባቸው።

የቆዳ ውፍረትም ወሳኝ ነው። ወፍራም ቆዳ ከሥሩ የተቀረጸውን ቅርጽ እንደ ወፍራም ጋቢ ይሸፍነዋል። በኢንስታግራም ላይ የታየው የሌላ ሰው አፍንጫ በእኛ ቆዳ ሥር ያው አይሆንም። ጥሩ ሐኪም ይህን በግልጽ ይናገራል። «የፈለግሽውን ሁሉ እሠራልሻለሁ» ከሚል ሐኪም ይልቅ «ይህንን አልችልም» የሚለው የበለጠ ሊታመን ይገባዋል።

ሌላም ነገር አለ። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በመርፌ በሚሰጥ መሙያ አፍንጫን ማስተካከል ቀላል መስሎ ይታያል። የሚቆየው ግን ለተወሰነ ጊዜ ነው። መሙያው በስሕተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ደግሞ የአፍንጫን ቆዳ ሊገድል፣ ከዚያም አልፎ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል። ስለዚህ በውበት ሳሎን ወይም በሰው ቤት የሚሠራ ነገር አይደለም።

ከተሠሩ በኋላ ያለው ዓመት

እኅታችንን የጎዳት ይህን ክፍል አለማወቋ ነው። ስለዚህ በዝርዝር እንጻፈው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። አፍንጫው ላይ ጠንካራ መደገፊያ ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ይነሣል። አፍንጫው ስለሚዘጋ በአፍ መተንፈስ ያስፈልጋል። ራስን ከፍ አድርጎ በጀርባ መተኛት ይመከራል። «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ይላል የአገራችን ሰው። አጥንቱ ከተነካ እውነትም የዓይን ዙሪያ ይጠቁራል፣ ያብጣል። ጥቁረቱ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ብዙ ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ሥራ ይመለሳል።

ቀጥሎ ጥንቃቄ የሚሹ ሳምንታት አሉ። ለጊዜው መናፈጥ ይከለከላል። ከባድ ዕቃ ማንሣትና ከባድ ስፖርት ለሳምንታት ይቀራሉ። መነጽር የሚያደርግ ሰው ለአንድ ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ አፍንጫው ላይ እንዳያሳርፍ ይነገረዋል። ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ መድማትን ስለሚያባብሱ፣ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

ከዚያም ትዕግሥት ይመጣል። እብጠቱ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀንሳል። የአፍንጫው ጫፍ ግን አንድ ዓመት፣ ቆዳው ወፍራም ለሆነ ሰው ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ወር የሚታየው አፍንጫ የመጨረሻው አፍንጫ አይደለም።

እኅታችን ይህን አላወቀችም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በመስታወት ያየችው ያበጠ ጫፍ ገንዘቧም ፊቷም የጠፋ መሰላት። በየጠዋቱ በስልኳ ፎቶ እያነሣች ከትናንቱ ጋር ታስተያይ ነበር። የሠራት ሐኪም በሌላ አገር ነው፤ ሄዳ ልታሳየው አትችልም። እኛ ደግሞ ቅርብ ነበርን፣ ግን ልትነግረን አትችልም። ትርፍ አንጀቱን ያሠራ ወንድም ቢኖር ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ሾርባው፣ ብርቱካኑ፣ ጸሎቱ አይቀርም። እሷ ግን ዓይኗ ጠቁሮ በተኛችባቸው ቀናት አንድም ጠያቂ አላየችም። ጳውሎስ አንድ ብልት ሲሠቃይ ሌሎቹም አብረው እንደሚሠቃዩ ለቆሮንቶስ ጉባኤ ጽፏል። በእኛ ጉባኤ ግን አፍንጫው ተመታ፤ ዓይኑ አላለቀሰም።

ሊበላሽ የሚችለው

ቀዶ ሕክምና ነውና አደጋ አለው። መድማትና ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብል፣ ጫፉ ለረጅም ጊዜ ሊደነዝዝ፣ መካከለኛው ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ሙሉ ማደንዘዣም የራሱ አደጋ አለው። በሕክምናው ጽሑፎች በብዛት እንደሚጠቀሰው፣ ከተሠሩት ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ሁለተኛ ጊዜ ለማሠራት ይመለሳሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ውስጡ ጠባሳ አለው፣ ሊወሰድ የሚችለው ካርቲሌጅም ያንሳል። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ቢያንስ አንድ ዓመት ጠብቁ ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስተውሉ የምንፈልገው መተንፈስን ነው። አፍንጫ ከመጠን በላይ ሲቀነስ ወይም ሲጠብብ መተንፈስ ሊያስቸግር ይችላል። በዘፍጥረት 2 ላይ አፍንጫ የተጠቀሰው ለውበት አይደለም፤ ፈጣሪ ለአዳም እስትንፋስን የሰጠበት በር ሆኖ ነው። በተቃራኒው መካከለኛው ግድግዳ በመጣመሙ ከልጅነቱ ጀምሮ ደኅና ተንፍሶ የማያውቅ ሰው አለ፤ እርሱን ቀዶ ሕክምና ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ምን ይመስላል?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት እተነፍሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቢላው የማይደርስበት

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር እንውረድ። እ.ኤ.አ. በ1898 ዣክ ዮሴፍ የተባለ ሐኪም በበርሊን የአንድን ሰው ትልቅ አፍንጫ ቀነሰ። ሰውየው ሕመም አልነበረበትም፤ በአፍንጫው ምክንያት ሰው ፊት መውጣት አሳፍሮት ነበር። ዮሴፍ የዘመናዊው የአፍንጫ ማስዋቢያ ቀዶ ሕክምና አባት እየተባለ ይጠራል። እርሱ ራሱ አይሁዳዊ ነበር፤ ወደ እርሱ ከመጡት መካከልም በመልካቸው ተለይተው እንዳይታወቁ የፈለጉ አይሁድ ነበሩ። ይህ ሕክምና ከጅምሩ ከኀፍረት ጋር የተያያዘ ነው። ኀፍረቱን ያመጣው ደግሞ አፍንጫው አልነበረም፤ ስለ አፍንጫው የሚያወራው ሰው ነበር።

እኛም አገር ይህ አለ። ሕፃን ሲታጠብ አፍንጫው እንዲሰለክክ እያሹ የሚስቡ እናቶችን አይተናል። ቆንጆን ስናሞግስ «አፍንጫዋ ሰልካካ» እንላለን። ሌላውን «ጎራዳ»፣ «ደፍጣጣ» እንላለን፤ ስም እስኪሆንለት ድረስ እንጠራበታለን። አንዳንዴም ከአፍንጫ ቅርጽ ተነሥተን የሰውን ዘር እንገምታለን፤ ከዘሩም ክብሩን እንመዝናለን። ይህ ነገር ከክርስቶስ መስቀል ጋር አይሄድም።

እኅታችን የነገረችን ይህንኑ ነው። በቤት ውስጥ «ጎራዳዬ» ተብላ አደገች። የሚጠሯት በፍቅር ነበር፤ ቢሆንም ትሰማው ነበር። አክስቷ በየበዓሉ አፍንጫዋን በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ «ምነው ይቺ ብቻ የእናቷን ብትወስድ ኖሮ» ትላት ነበር።

ከዚያም ሌላ ነገር ጨመረች። ወደ ቢሮ ከመምጣቷ ከሦስት ሳምንት በፊት በቤተ ክርስቲያናችን የትዳር ሴሚናር ነበር። ወንዶች ስለሚፈልጓት ሚስት ስንናገር እንዲህ ብለን ቀልደን ነበር፦ «ሁሉም ሰልካካ አፍንጫ ይፈልጋል፤ ግን አይዟችሁ፣ እምነት ካላት ጎራዳዋም ባል አታጣም።» ጉባኤው ሳቀ። እሷም ከመዘምራን ወንበር ላይ ሆና ሳቀች። ቀልዱን እኛ ረስተነው ነበር፤ እሷ ግን ቃል በቃል ነገረችን።

እዚህ ጽሑፍ ላይ «እኛ» እያልን የምንጽፈው ጥፋቱን ለብዙዎች ለማካፈል አይደለም። አፉ የዚህ ጸሐፊ አፍ ነበር። መጀመሪያ እሷን ይቅርታ ጠየቅናት። ቀጥለን ስሟን ሳናነሣ፣ በቀልዱ ምክንያት በዚያው መድረክ ላይ ቆመን ጉባኤውን ይቅርታ ጠየቅን። ከአምልኮ በኋላ አራት ሰዎች መጥተው ስለ ራሳቸው ነገሩን፤ ከመካከላቸው አንዱ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው።

አሁን አፍንጫዋ ተስተካክሏል። ከዓመት በኋላ እብጠቱ ጠፍቶ እንደ ፈለገችው ሆኗል፤ መተንፈስም አልቸገራትም። «ደስ ይልሻል?» ብለን ጠየቅናት። «አዎ፣ ደስ ይለኛል፤ አልተጸጸትኩም» አለችን። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ «ግን መጋቢ፣ ሰው ሲያየኝ አሁንም እጄን አፍንጫዬ ላይ አደርጋለሁ» አለች። ሐኪሙ ቃል የገባላትን ሠርቷል። እጇን ዝቅ ማድረግ ግን የሐኪሙ ሥራ አልነበረም። ያ የጸጋ፣ የጊዜና የጉባኤ ሥራ ነው።

ስልክና መስታወት ሲዋሹ

ስለ ሰልፊም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት እንዳሳየው፣ ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ተይዞ የሚነሣ ሰልፊ አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሲነሣ ግን እንዲህ ያለ መዛባት አይታይም። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በስልካችሁ አይታችሁ የምታዝኑበት አፍንጫ ፊታችሁ ላይ ያለው አፍንጫ ላይሆን ይችላል። ፊልተር ደግሞ በሌላ በኩል የሌለውን አፍንጫ ይሰጣል። በሁለቱ መካከል እውነተኛው ፊታችን ይጠፋል።

አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ሕመም ይሆናል። ሌሎች የማያዩትን ወይም እንደ ቀላል የሚያልፉትን ጉድለት ቀኑን ሙሉ ያስባል፤ መስታወት ፊት ሰዓታት ያጠፋል ወይም መስታወት ይሸሻል፤ ከቤት መውጣት ያቆማል። ይህ ሐኪሞች የሚያውቁት የአእምሮ ሕመም ነው። ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ አይፈውሰውም፤ ሐሳቡ አፍንጫውን ትቶ ወደ አገጭ ይዞራል ወይም እዚያው ይቀራል። የሚረዳው የአእምሮ ሐኪምና የንግግር ሕክምና ነው። እንዲህ ያለውን ወገን «ከንቱነት ነው» ብለን መገሠጽ፣ ወይም ጸልየን ብቻ ወደ ቤቱ መስደድ ጨካኝነት ነው። እንጸልይለት፤ እጁን ይዘንም ወደ ሐኪም እናድርሰው።

ከመወሰናችሁ በፊት

ይህን ለማድረግ ለምታስቡ ወገኖቻችን ጥቂት ጥያቄዎች እንተውላችሁ።

መጀመሪያ፣ የማንን ድምፅ ለማስቆም ነው? ድምፁ የአክስት፣ የቀድሞ እጮኛ ወይም የቲክቶክ አስተያየት ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለዚያ ድምፅ ከምታምኑት ሰው ጋር ተነጋገሩ።

ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? «የአፍንጫዬ ቅርጽ ይለወጣል» ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሊሰጠው የሚችለው ነገር ነው። «ባል አገኛለሁ፣ ያከብሩኛል፣ ራሴን እወዳለሁ» ከሆነ ግን ሐኪሙ በእጁ የሌለውን ዕቃ እየጠየቃችሁት ነው። ጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ማን ነው? ስሙንና ፈቃዱን እወቁ፤ ማስታወቂያውን ብቻ አትመኑ። ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ከሆነ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢደማ ወይም ኢንፌክሽን ቢፈጥር አገር ውስጥ የሚያያችሁ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጉ። ሰርጋችሁ ከደረሰም አትቸኩሉ፤ ባበጠ አፍንጫ ፎቶ ከመነሣት ማዘግየት ይሻላል።

አራተኛ፣ ዕድሜያችሁ ስንት ነው? በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ አፍንጫ ገና እያደገ ሊሆን ይችላል፤ ልቡም እንደዚሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ሲያነሣ አትቆጡ፤ አትቸኩሉም።

አምስተኛ፣ ለማን ነግራችኋል? ቢያንስ ለአንድ አማኝ ወዳጅ ንገሩ። ብትወስኑም ባትወስኑም ብቻችሁን አትሁኑ። ተሠርታችሁ ከሆነም አትደበቁ፤ ቤተ ክርስቲያን የእናንተም ቤት ናት።

ለጉባኤውና ለአገልጋዮች

ተሠርታ የመጣችውን እኅት «ምን ሆነሽ ነው? አፍንጫሽ ተለወጠብን» ብላችሁ በአደባባይ አትጠይቋት። አትሳቁ፤ ፎቶዋን ከድሮው ጋር እያስተያያችሁ በቴሌግራም አትላላኩ። አልተሠራችም፣ ተሠርታለች ብላችሁ አትከራከሩ። «እንኳን ደኅና መጣሽ» በሏትና ቦታ ልቀቁላት።

አገልጋዮች ሆይ፣ ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመናና መልክ አይቶ ተሳስቶ ነበር፤ ጌታም የሰው ዓይን የሚያርፍበትና የእርሱ ዓይን የሚያርፍበት ልዩ ልዩ መሆኑን አስተማረው። እኛ መድረክ ላይ ቆመን በሰው መልክ ስንቀልድ ሳሙኤል የተነገረውን ገና አልሰማንም ማለት ነው። የኢሳይያስ 53 አገልጋይም ሰዎች በመልኩ የሚሳቡበት አልነበረም። የምናመልከው እርሱን ነው። ደም ግባት የሌለውን አዳኝ እየሰበክን የሰውን ልጅ በአፍንጫው ቅርጽ የምናሳፍር ከሆነ፣ ስብከታችንን ራሳችን እናፈርሳለን።

ያቺ እኅት ዛሬ ወደ መዘምራን ተመልሳለች። ባለፈው እሑድ ስትዘምር አየናት፤ ሁለቱም እጆቿ ወደ ላይ ተዘርግተው ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ አንዳንድ እሑድ አሁንም እጇ ወደ ፊቷ ይመለሳል። እኛም ሰዓታችንን ሳናይ ልናዳምጣት ቃል ገብተንላታል።

ይህን ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ በር ላይ የቆማችሁ ካላችሁ ግቡ፤ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የምንጠይቀው እኛ እንሆናለን፤ «ለምን ፈለግሽው?» ብለን።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።